ከሎሚው ጀርባ ያለችው ባቄላ

ወዳጆቼ፣ ቢቸናም ሞጣም የጉልበት ሕመም ስሙ ያው «ብርድ» ወይ «ቁርጥማት» ነው፤ ማኅሌት ቆሞ ላደረው መሪጌታም፣ ከገበያ ለተመለሰው ገበሬም። ከፊት ያለውን አጥንት ሎሚ እንለዋለን። ከኋላ፣ ቋንጃው ጋ፣ አንዳንዱ ሰው ሌላ ትንሽ አጥንት አለው። ሐኪሞች በላቲን «ፋቤላ» ይሉታል፤ ትንሿ ባቄላ ማለት ነው። (ሎሚና ባቄላ! ጉልበታችን ጓሮ ሆነ እኮ።)

እኔን የገረመኝ ታሪኩ ነው። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከ27 አገሮች ከ21,000 በላይ ጉልበት የተመለከቱ ጥናቶችን መርምረው በፈረንጆቹ 2019 እንዳሳተሙት፣ በ1918 ከመቶ 11 ሰው ላይ ይገኝ የነበረው በ2018 ከመቶ 39 ደርሷል። የተሻለ ምግብ ቁመትና ክብደት ስለጨመረ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ብዙውን ሰው አያምም። እግር ሲዘረጋ ከኋላ በውጭ በኩል የሚወጋችሁ ግን «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ቦታውን ለሐኪሙ በጣታችሁ አሳዩት፤ በራጅ ይታያል።