የጋብቻ ታሪክና የኤች.አይ.ቪ. ተጋላጭነት

በሕክምና ካርድ ላይ ስለ ጋብቻ የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ ያገባ፣ ያላገባ፣ የፈታ ወይም የትዳር ጓደኛ የሞተበት። መልሱ ታካሚው ዛሬ ያለበትን እንጂ ያለፈበትን መንገድ አይገልጽም።

በደጋማው ኢትዮጵያ የቁርባን ጋብቻ የማይፈታ ቢሆንም፣ ብዙው ሕዝብ የሚጋባው በሰማንያ ነበር። ሰማንያ በሽማግሌዎች ፊት ይታሰራል፤ በሽማግሌዎች ፊትም ይፈርሳል። ለተወሰነ ጊዜ የሚፈጸም የደመወዝ ጋብቻም ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ ሲያደርግ፣ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታዎች 18 አድርጎታል። በልጅነቷ የተዳረች ሴት ከትዳሯ ወጥታ ወደ ከተማ መሄዷና ዳግም ማግባቷ እንግዳ ነገር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1984 ቫይረሱ በኢትዮጵያ በደም ናሙና ሲታወቅ ያገኘው ይህንን ማኅበረሰብ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ፣ እንደ ሀይሌ ጋርመንት ያሉ ስማቸው ፋብሪካን የሚያስታውስ ሰፈሮች ባሉበት አቅጣጫ፣ በ1989 ዓ.ም. የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአንድ የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት መከታተል ጀመረ። የክትትሉ መሠረት የአንድ ቀን ምርመራ የሰውን ታሪክ አያሳይም የሚለው ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራን አካቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 1.9 በመቶ፣ ከወንዶች 0.9 በመቶ ቫይረሱ እንዳለባቸው አመለከተ። በፈቱና የትዳር ጓደኛ በሞተባቸው ዘንድ መጠኑ ካገቡት ይልቅ ከፍ ያለ ነበር። ይሁን እንጂ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ባሏ በኤድስ የሞተባት ሴት ቫይረሱን ያገኘችው መበለት ከመሆኗ በፊት፣ በትዳር ውስጥ ሊሆን ይችላል። የምርመራ ውጤት ራሱ ያፈረሰው ትዳርም አለ። «ያገባ» በሚለው መዝገብ ሥር ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ትዳር ተሸሽጎ ይኖራል። ስለዚህ መፍታት በራሱ በሽታን አያመጣም፤ ማግባትም በራሱ አይከላከልም።

ለሐኪሙ ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው። ስንት ጊዜ እንደተጋቡ፣ የቀድሞው ትዳር በፍቺ ወይስ በሞት እንዳበቃ ያለ ወቀሳ መጠየቅ፣ ባልና ሚስትንም አብሮ መመርመር ይገባል። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ጥያቄው በዳይን ለመፈለግ ሳይሆን፣ ጥንዶቹን በጊዜ ለመታደግ መሆኑን ታካሚው ከተረዳ እውነቱን ለመናገር አይፈራም።