ክላውዲያ በራሷ ድምፅ የተናገረችበት ፊልም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «መምህር፣ የድሮ የጣሊያን ፊልሞችን ማየት ጀምሬ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ለጌጥ የተቀመጡ መሰሉኝ። ልተወው ወይ?» ብላ ጻፈችልኝ። መልሱ በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ አመጣሁት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክላውዲያ ካርዲናሌን ብዙዎቻችሁ በመልክ ታውቋታላችሁ። የተወለደችው ግን ጣሊያን ሳይሆን ቱኒዝ ነው፤ በ1938። የዘር ሐረጓ ከሲሲሊ ቢሆንም አፏን የፈታችው በፈረንሳይኛና በሲሲሊኛ ነው፤ ጣሊያንኛን በደንብ የለመደችው ፊልም ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። በዚያ ላይ ድምፅዋ ሻካራ ነበር። በዚያን ዘመን የጣሊያን ፊልም ድምፅ በአብዛኛው የሚቀዳው ከቀረጻ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ስለነበር ለአዘጋጆቹ ነገሩ ቀላል ሆነላቸው፤ ፊቱ የእሷ፣ ድምፁ የሌላ ሴት። ለዓመታት እንዲህ ሆና ኮከብ ተባለች። በ1963 በቪስኮንቲ «ኢል ጋቶፓርዶ» ውስጥ በዚያ ዝነኛ የዳንስ ግብዣ ላይ ስትናገር እንኳ የምንሰማው እሷን አይደለም።

በዚያው ዓመት ፌሊኒ በ«ስምንት ተኩል» የራሷን ድምፅ ተጠቀመ። እርግጥ ነው እዚያም የወንድ ሕልም ናት፤ ነጭ ለብሳ ውሃ ታቀብላለች። መጨረሻው አካባቢ ግን ያንን ግራ የገባው ዳይሬክተር መውደድ የማያውቅ ሰው መሆኑን ደጋግማ ትነግረዋለች። ያውም በዚያ ሻካራ ድምፅ! እኔ ይህን ክፍል ባየሁት ቁጥር ከምስሉ ይልቅ ድምፁን ነው የምጠብቀው።

ስለ አና ማኛኒ አንድ ነገር ልጨምር። በ1945 በሮሴሊኒ «ሮም ክፍት ከተማ» እጮኛዋን ከጫነው መኪና ኋላ እየሮጠች በጥይት የምትወድቀው ነፍሰ ጡር እሷ ናት። መነሻው ቴሬዛ ጉላቼ የምትባል፣ በመጋቢት 1944 ሮም ውስጥ በጀርመን ወታደር የተገደለች እናት ናት። ልብ በሉ፣ ከሰባት ዓመት በፊት በ1938 የማኛኒ ባል ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» የሚል ፊልም ሠርቶ ነበር። ጀግናው አብራሪ የሚሞተው እኛው አገር፣ በወረራው ጦርነት ላይ ነው። ከድርሰቱ ጸሐፊዎች አንዱ ማን ይመስላችኋል? ሮሴሊኒ ራሱ! በጀርመን ጥይት ለወደቀችው ሮማዊት ያለቀሰ ካሜራ፣ በጣሊያን ጥይት ለወደቀችው የእኛ ሴት ጊዜ አልነበረውም።

ይህን ስል ሁሉም ጣሊያናዊ አልታየውም ማለቴ አይደለም። ኤኒዮ ፍላያኖ በ1935 እና በ36 ወታደር ሆኖ ኢትዮጵያ ነበር። በ1947 «ቴምፖ ዲ ኡቺዴሬ» የተባለ ልብ ወለድ አወጣ፤ የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት ያገኘውም ይኸው መጽሐፍ ነው። አንድ የጣሊያን መኮንን አቋራጭ መንገድ ሲፈልግ ገላዋን የምትታጠብ ኢትዮጵያዊት ያገኛል፤ ይደርስባታል። ሌሊት አውሬ መጣ ብሎ የተኮሰው ጥይት ነጥሮ ያቆስላታል፤ ከዚያ ራሱ ይገድላታል። የጋራ ቋንቋ ስለሌላቸው እሷ ምን እንዳሰበች አናውቅም። ታሪኩ በሙሉ የገዳዩ ነው። ፍላያኖ ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል።

መጽሐፉ ፊልም የሆነው በ1989 ነው፤ ከ42 ዓመት በኋላ። የኒዮሪያሊዝም ዘመን አለፈ፣ የነማኛኒ ዘመን አለፈ፣ እሷ ግን ተራዋን ስትጠብቅ ነበር።

እና ልጄ፣ አትተዪው። ከ«ስምንት ተኩል» ጀምሪ፤ ክላውዲያ ስትናገር ድምፁን ከፍ አድርጊው። የጸሐፊዎቹንም ስም እይ፤ ከፌሊኒ ጋር ከጻፉት አንዱ ያው ፍላያኖ ነው።