ጨዋታን ትምህርት ያደረጉ መምህራን

ቃልን በጉባኤ ፊት ቆሞ መናገር በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ሲገባውም ያመሰግናል። በበዓል ቀን ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ቅኔ ማኅሌት አንዱ ሲነግር ሌላው ተቀብሎ በዜማ ያደርሰዋል። የአቋቋም ተማሪም መቋሚያውንና ጸናጽሉን ይዞ እግሩን ከከበሮው ጋር እስኪያስማማ ድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። እንግዲህ ድምፅን መግራት፣ አካልን በሥርዓት ማንቀሳቀስ፣ ሰምቶ በጊዜው መመለስ ለዚህች አገር እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳ የነበረው ሰው ራሱን ትቶ ሌላ ሰው ሆኖ በሕዝብ ፊት መቆሙ ነው። ንጉሥ ያልሆነው ንጉሥ፣ ሌባ ያልሆነው ሌባ ሆኖ ሲናገር፣ ይህ ነገር ማሳሳት ነው ወይስ ማስተማር? ቴአትርን ለኢትዮጵያ ልጆች ያስተማሩት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ይህን ጥያቄ በሥራቸው መመለስ ነበረባቸው።

የዘመናዊው ቴአትር መጀመሪያ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለው ድርሰት ነው። ደራሲው በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረት መነሻ አድርገው የጻፉት ይህ ጨዋታ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በመኳንንት ፊት ታየ። ሰሙ የአውሬ ተረት ነው፤ ወርቁ ግን የሹማምንት ጥፋት ነበረ። ወርቁንም ሹማምንቱ ማንም ሳይፈታላቸው ዐወቁት። ስለዚህ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ትእዛዝ ጨዋታው ታገደ።

ከዚህ ነገር የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። አንድ ደራሲ በአንድ አዳራሽ የሚያሳየው ትርኢት በአንድ ትእዛዝ ይቋረጣል፤ በብዙ ተማሪዎች ልብ ያደረ ሙያ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። ቴአትርም በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው ወደ ተማሪ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክና በቅዱስ ጊዮርጊስ ተማሪ ቤቶች የተማሪዎች ቴአትር እየበረታ ሄደ። በዳግማዊ ምኒልክ መላኩ በጎሰው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በዚህ ሥራ ታወቁ። ዮፍታሔ የጎጃም ሰው ናቸው፤ የተወለዱት ሊቃውንት በሚበዙባት በደብረ ኤልያስ ነው፤ ያደጉትም በቅኔ ትምህርት ነው። ወደ ባሕር ማዶ ሄደው የቴአትር ትምህርት አልተማሩም። በቅኔ ጉባኤ የተቀበሉትን ይዘው ወደ ዘመናዊ ተማሪ ቤት ገቡ፤ ድርሰቱን ራሳቸው ደረሱ፤ ተዋናዮቹም በፊታቸው የሚቀመጡት ተማሪዎች ሆኑ። ንግግሩ በአብዛኛው ግጥም ስለ ነበረ ተማሪው በቃሉ መያዝ ነበረበት፤ በቃል መያዝም ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ የለመደው ነገር ነው። በዘመኑ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ስላልተለመደ የእናትም የሙሽራም ቃል በወንድ ልጅ አንደበት ይነገር ነበር።

ዜማውን በተመለከተ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ ሌላ መምህር ተገኘ። ይኸውም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ጋር የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰ እርሱ ነው፤ ለቴአትርም ዜማ ይደርስ ነበር። ስለዚህ የቅኔው ልጅና የአርመኑ የሙዚቃ መምህር በአንድ ሙያ ተገናኙ።

ነገር ግን ወላጅ ልጁን ወደ ተማሪ ቤት የሚልከው ጸሐፊ ወይም ሹም እንዲሆንለት ነው። ዘፋኝና አስመሳይ በሕዝብ ዘንድ የተናቀ፣ አዝማሪ ተብሎ የሚሰደብ ስለ ነበረ፣ ልጁ በሰው ፊት ሲያለቅስና ሲዘፍን ማየት ለአባት ውርደት ይመስለዋል። ዮፍታሔ ከድርሰቶቻቸው አንዱን «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ብለው መሰየማቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ እንደ መልስ ይቈጠራል። ጨዋታነቱን አልካዱም፤ ጥቅሙንም ጨምረው ተናገሩ።

ጥቅሙ በመከራ ቀን ተገለጠ። የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም፣ ሕዝቡን ለነጻነት የሚያነሣሣ ንግግር፣ መዝሙርና ትርኢት አስፈለገ። ይህን ለማቅረብ የሚችል ሰው በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ ቀድሞ በተማሪ ቤት መሠልጠን ነበረበት። ዮፍታሔ በወረራው ዘመን በሱዳን በስደት ኖሩ፤ «አፋጀሽኝ» የተባለውም ድርሰታቸው የዚያን ዘመን መከራ የያዘ ነው። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ብዙ ሳይቈዩ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከቅኔ ቤት የመጣው ቴአትር ጉድለት ነበረበት። ቃሉ እጅግ ስለሚከብር ሥራው ያንሳል፤ ተዋናዩ ቆሞ ይናገራል፣ ሌላው ቆሞ ይሰማል። ዐይን፣ እጅና ዝምታ ራሳቸው እንደሚናገሩ ማስተማር ለኋለኞቹ ቀረ። በአሜሪካ ቴአትርን የተማሩት ተስፋዬ ገሠሠ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ኪነ ጥበባት ማዕከል የሠሩት ሥራ ይህን ጉድለት ለመሙላት የረዳ ነው። በአምቦ ገና ሕፃን ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስ ድርሰት ጽፈው በተማሪ ቤት ያሳዩት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ፣ በ1971 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል እንዲቋቋም ካደረጉት አንዱ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ትወና፣ ዝግጅትና የተውኔት ድርሰት እንደ ሌላው ዕውቀት ሁሉ በዲግሪ የሚመረቁበት ትምህርት ሆነ፤ አዝማሪ ተብሎ የተሰደበው ሙያም ጋውን ለበሰ።

ከዮፍታሔ ድርሰቶች ብዙዎቹ በደራሲው ዕድሜ ለኅትመት አልበቁም። በቅኔ ቤት ግን የመምህር ሀብት በወረቀት ብቻ አይለካም፤ ዛሬ የተነገረው ቅኔ ነገ አይደገምም፤ ቅኔውን የሚዘርፈው ደቀ መዝሙር ግን ነገም ይዘርፋል። የቴአትርም መምህራን እንዲሁ ናቸው፤ መጋረጃው ሲዘጋ ትርኢቱ ያልፋል፤ ያስተማሩት ልጅ ግን አድጎ ሌላ ልጅ ያስተምራል።