የስንት ቀን መንገድ ነው?

ተወዳጅ የሆነ ምናባዊ ልብ ወለድ ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲለወጥ ተመልካቹ ለሁለት መከፈሉ የተለመደ ነው። አንዱ ወገን ያደንቃል፣ ሌላው መጽሐፉን አበላሹት ብሎ ይቆጣል። የቁጣው ምክንያት ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ አንባቢ የወደደው መጽሐፍ እንዲነካበት አይፈልግም፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ቢቀነስ ወይም አንድ ምዕራፍ ቢዘለል ይከፋዋል ይባላል። ይህ መልስ ተመልካቹን ያሳንሰዋል፤ ከታሪኩም ጋር አይገጥምም። ላለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ የተነሱትን ቅሬታዎች ተራ በተራ ላየ፣ ተመልካች የተቀነሰበትን በቀላሉ ይቅር እንደሚል፣ ይቅር ለማለት የሚቸገረው የዚያ ዓለም መንገድና ጊዜ ልኩን ሲያጣ እንደሆነ ይገለጥለታል። ስለ ጎንደር የሚጽፍ ደራሲ ከተማዋ ከአዲስ አበባ ምን ያህል እንደምትርቅ ባይናገርም አንባቢው ያውቀዋል፤ ቢሳሳት ምድሪቱ ራሷ ታርመዋለች። በምድር ላይ የሌለ አገር የሚፈጥር ደራሲ ግን ከራሱ ቃል በቀር ምስክር የለውም። ከዚህች ከተማ እስከዚያ ተራራ የአንድ ወር መንገድ ነው ካለ፣ አገሩ የሚቆመው በዚያ ወር ላይ ነው።

ከቀደምቶቹ ባለ ቅሬታዎች አንዱ ራሱ ደራሲው ነበር። ጄ. አር. አር. ቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ያሳተመው ከ1954 እስከ 1955 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲጽፍ ካርታ እያመሳከረ፣ መንገደኞቹ የሚሄዱትን ርቀት እያሰላ፣ ጨረቃ በየትኛው ሌሊት እንደምትሞላ ሳይቀር እያስተካከለ ነበር። የመጽሐፉ ጀግና ፍሮዶ በሴፕቴምበር 23 ከቤቱ ይወጣል፤ ሊያጠፋው የተሸከመው ቀለበት የሚጠፋው በማርች 25 ነው፤ በመካከሉ ያለው የስድስት ወር መንገድ በየቀኑ የተቆጠረ ነው። በ1957 አሜሪካውያን ታሪኩን ፊልም ለማድረግ ጠየቁት፤ በቀጣዩ ዓመት ለደረሰው ረቂቅም ረጅም ትችት ጻፈ። የታሪኩ ግዙፍ ንስሮች በሆነ ባልሆነው ሰው ተሸክመው መብረራቸውና ውጊያ ያለ ቦታው መብዛቱ አስቆጥቶታል። ጊዜው መታጠፉን ግን በተለይ ተቃወመ፤ ወቅቶቹ በመጽሐፉ ውስጥ በጥንቃቄ የተቀመጡ ስለሆኑ የቀኑ መሄድ በእነሱ ሊታይ ይገባል አለ። ከትችቱ ውስጥ ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነጥብ ነው። የኤንቶቹ (የዛፍ መሰሎቹ ፍጡራን) ታሪክና የሆርንበርግ ምሽግ ጦርነት ሁለቱም ትርጉም እንዲሰጡ የሚበቃ ቦታ ካልተገኘላቸው አንዱ ይውጣ፣ የሚወጣውም ጦርነቱ ይሁን ብሎ ነበር። ደራሲው የገዛ ጦርነቱን ሊጥል ፈቀደ፤ መታጨቁን ግን እምቢ አለ። ያ ፊልም ሳይሠራ ቀረ። በ2001 ፒተር ጃክሰን ቶም ቦምባዲል የተባለውን ገጸ ባሕርይ ከነምዕራፎቹ ሲያወጣ ያዘኑ አንባቢዎች ነበሩ፤ ፊልሞቹ ግን ተወደዱ፣ ሦስተኛውም በ2004 አሥራ አንድ ኦስካር ወሰደ። እዚያም እኮ በመጽሐፉ መጀመሪያ ያሉት አሥራ ሰባት ዓመታት ጠፍተዋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ፊልሙ ግን ለዚያ ዘመን ቁጥር ስላልሰጠ፣ በመጽሐፉ ላይ እንጂ በራሱ ቃል ላይ አልተላለፈም።

ዋናው ማስረጃ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ነው። በኤፕሪል 2011 በኤችቢኦ ሲጀምር የሁለተኛው ክፍል ርዕስ ራሱ «የንጉሡ መንገድ» ነበር። በዚያ መንገድ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ሕፃናት ይጣላሉ፣ አንዲት ተኩላ ያለ ጥፋቷ ትገደላለች፣ የሁለት ቤተሰቦች ቂም ሥር ይሰዳል። ጥቂት ቆይቶ ኬትሊን ስታርክ በመንገድ ዳር ማደሪያ ውስጥ ከቲሪየን ላኒስተር ጋር ትገናኛለች፤ ታስይዘዋለች፤ ጦርነት ይነሳል። መንገዱ አጭር ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ባልተገናኙ ነበር። ድራማው መንገድ ታሪክን እንደሚወልድ ለተመልካቹ ያስተማረው እንዲህ አድርጎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች እያንዳንዳቸው አሥር ክፍል ነበራቸው፤ ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት ብቻ ሆነ። የመንገዱም ልክ አብሮ ጠፋ። በኦገስት 2017 በታየው የሰባተኛው ምዕራፍ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዎች ከሰሜኑ ግንብ ማዶ በበረዶ ሐይቅ መካከል ይከበባሉ። አንዱ ሮጦ ግንቡ ይደርሳል፣ መልእክተኛዋ ቁራ የአህጉሩን ብዙ ክፍል አቋርጣ ድራጎንስቶን ትደርሳለች፣ እዚያ ያለችው ንግሥትም በድራጎን ትመጣለች፤ የተከበቡት ግን ገና እዚያው ናቸው። ዳይሬክተሩ አለን ቴይለር የጊዜው ነገር መደብዘዙን አምኖ፣ የታሪኩ ግስጋሴ ተመልካቹን ይዞ እንደሚሄድ ተስፋ ማድረጉን ተናግሯል። ብዙዎችን ግን አልያዘም። በሜይ 2019 ንግሥቲቱ እጅ የሰጠች ከተማ ስታቃጥል የተሰማው ቅሬታም ከዚያው የመጣ ነው፤ ድርጊቱ ሊሆን እንደሚችል የተቀበሉ ሰዎች ሳይቀሩ ልቧ እዚያ የደረሰበት ፍጥነት አላሳመናቸውም። የልብም መንገድ ቀን ይፈልጋል። የመጨረሻውን ክፍል በታየበት ሌሊት 19.3 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ስምንተኛው ምዕራፍ እንደገና ይሠራ የሚለውን አቤቱታ ከ1 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች ፈረሙ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ ይኸው ድራማ የምርጥ ድራማ ኤሚ ሽልማት ወሰደ።

ቁጣው ለመጽሐፉ ከመቅናት የመጣ ነው የሚለው ክስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን አምስተኛ መጽሐፍ የወጣው በ2011 ነው፤ ስድስተኛው ያን ጊዜ አልታተመም፣ ከዚያም በኋላ አልወጣም። ስለዚህ ቁጣው በበረታበት ሰዓት ድራማው የሚታመንለት ወይም የሚክደው መጽሐፍ አልነበረም። አንድም ገጽ ያላነበቡ ተመልካቾች ከአንባቢዎቹ እኩል አዘኑ፤ መለኪያውን የሰጣቸው ራሱ ድራማው ነበርና።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ቅሬታው ሁሉ ንጹሕ አይደለም የሚለው ነው፤ እውነትም አይደለም። በ2022 አማዞን «ዘ ሪንግስ ኦፍ ፓወር»ን ሲያሳይ ጥቁርና ጠይም ተዋንያን በቆዳቸው ቀለም ተሰደቡ፣ ዛቻም ደረሰባቸው። ይህ ጥላቻ ነው፤ ለመጽሐፉ ታማኝነት ተብሎ ሊሸፈን አይገባም። የቶልኪን መጽሐፍ ራሱ ሃርፉት የተባሉት ሆቢቶች ከሌሎቹ ይልቅ ጠይም እንደነበሩ ይናገራል። በ2004 ደግሞ ደራሲዋ ኡርሱላ ለ ጉዊን ፍጹም ተቃራኒ በሆነ ምክንያት ቅሬታዋን ጽፋለች። በ«ኧርዝሲ» መጻሕፍቷ ውስጥ የደሴቶቹ ሕዝብ በአብዛኛው ጠይምና ጥቁር፣ ካርጎች የተባሉት ሕዝቦች ነጭ ናቸው፤ ሳይ ፋይ ቻናል ግን ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ጠይሙን ጌድ፣ በነጭ ተዋናይ አሠራው። እሷ ቀለሙን የዚያ ዓለም መልክዓ ምድር አካል አድርጋ አስባ የሠራችው ነበር። የ2022ቱን ስድብና የእሷን ክርክር በአንድ ስም መጥራት ለእሷ ትልቅ በደል ነው።

ቴሌቪዥን እንደ መጽሐፍ ስድስት ወር ሊያስኬድ አይችልም የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። የ«ዘ ሪንግስ ኦፍ ፓወር» አዘጋጆች የ3441 ዓመታት ዘመን ወደ አንድ የሰው ዕድሜ ያጠፉት ዘመኑን እንዳለ ቢተዉት ሰዎቹ በየምዕራፉ እየሞቱ ያልቃሉ ብለው ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ረጅሙ ዘመን የኤልፎችን አለመሞት ትርጉም የሚሰጠው ነበር፤ ንጉሥ በንጉሥ እየተተካ ሲያልፍ እነሱ ሲቀሩ ካልታየ ሟች የሆኑት የኑሜኖር ሰዎች ቅናት ከየት እንደ መጣ አይገባም። «ዘ ዊቸር» በ2019 በተቃራኒው ተሳሳተ፤ ሦስት የተለያዩ ዘመናትን ምልክት ሳይሰጥ ስላፈራረቃቸው ብዙ ተመልካች ግራ ተጋባ፤ ኔትፍሊክስም ዘመናቱን የሚያሳይ ካርታ በኋላ ለማውጣት ተገደደ። መፍትሔው መዝለል ሲያስፈልግ በግልጽ መዝለል ነው። በ2022 «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን» ሃያ ዓመት ያህል በአሥር ክፍል ውስጥ ተረከ። ስድስተኛው ክፍል ላይ አሥር ዓመት በአንዴ አለፈ፤ ልዕልት ራኒራም የልጆች እናት ሆና በሌላ ተዋናይ ተተካች። ቅር ያላቸው አልጠፉም፤ በአመዛኙ ግን ያዘኑት ከለመዷት ተዋናይት በመለየታቸው ነበር። ድራማው በጃንዋሪ 2023 የጎልደን ግሎብን የምርጥ ድራማ ሽልማት ወሰደ።