ገድላት እንደ ታሪክ ምንጭ፦ የዳሞቱ ሞተለሚ



ቅዱሱን ለማወደስ የተጻፈ ገድል፣ ስለ ሌላው ሕዝብ ምን ያህል ሊመሰክር ይችላል? በአውሮፓ ኤውጊጲዮስ እ.ኤ.አ. በ511 የጻፈው የቅዱስ ሰቨሪኖስ ገድል፣ በዳንዩብ ወንዝ ዳር ስለኖሩት ሩጊ ስለተባሉ ጀርመናውያን ከዋና ምንጮች አንዱ ነው። ለእኛ የሚቀርበን ግን ገድለ ተክለ ሃይማኖት ነው።

በዚህ ገድል የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ ጨካኝ አረማዊ ሆኖ ይቀርባል፤ በኋላም በጻድቁ ስብከት ይጠመቃል። ጻድቁ የኖሩት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የደብረ ሊባኖሱ ገድል ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው። ስለዚህ በንጉሡና በጻድቁ መካከል ተደረገ የሚባለውን ንግግር እንደ ቃለ ጉባኤ አላነበውም። ሆኖም የጻድቁን ድል ለማጉላት የጠላትን ኃይል መግለጽ ግድ ነበርና፣ ጸሐፊው ሳያስበው ከክርስቲያኑ ግዛት ውጭ እስከ ሸዋ የሚዘምት ብርቱ መንግሥት እንደነበረ ነግሮናል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ሥራቸው ገድላትን በዚሁ ዓይን መርምረዋል።

የወላይታ የቃል ትውፊትም ሞተለሚን ከነገሥታቱ ይቆጥረዋል። እነዚህን ሁለት ነጻ ምስክሮች ለማለት ግን አልቸኩልም፤ እ.ኤ.አ. ከ1894ቱ የምኒልክ ዘመቻ በኋላ ገድሉን የሚያነቡ ካህናት ወደ አገሩ ገብተዋልና፣ ስሙ ከመጽሐፍ ወደ አፍ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። በጨንቻ ደጋ ትውፊት የምትሰበስቡ ተማሪዎች፣ ሽማግሌውን «ምን ሆነ?» ከማለታችሁ በፊት «ከማን ሰሙት?» ብላችሁ ጠይቁ።