ግባ እንጂ ውጣ የማይባልበት ቤት

ስቲቨን ስፒልበርግ በ2004 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ዘ ተርሚናል» ያየ ሰው ቪክቶር ናቮርስኪን አይረሳም። ቶም ሃንክስ የሚጫወተው ይህ መንገደኛ ኒውዮርክ ሲደርስ አገሩ መፈንቅለ መንግሥት ተካሂዶ ፓስፖርቱ ዋጋ አጥቷል። ከተማውም አይገባ፣ አገሩም አይመለስ፤ ኤርፖርት ውስጥ ወራት ይገፋል። ያስቃል፣ ሆድም ያባባል። ለፊልሙ መነሻ የሆነው ኢራናዊው መህራን ካሪሚ ናሴሪ ደግሞ ፓሪስ ሻርል ደጎል ኤርፖርት ከ1988 እስከ 2006 ኖሯል። በ2022 የሞተውም እዚያው ነው።

እኔን ግን ፊልሙ የሚያስታውሰኝ ሸዋን ነው። የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ነበር። እንግዳው ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መሬትም ይሰጠዋል። መውጣትን ብቻ አያንሳ!

ፔሮ ዳ ኮቪልያን ሚስቱን ትቶ፣ የፖርቱጋል ንጉሥ ልኮት፣ በ1487 ከአገሩ ወጣ። ዞሮ ዞሮ አፄ እስክንድር ዘንድ ደረሰ። አፄው በክብር ተቀበሉት፤ ሊያሰናብቱትም ቃል ገቡለት። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ብዙም ሳይቆዩ በ1494 ሞቱ። አፄ ናዖድ አይሆንም አሉ። አፄ ልብነ ድንግልም በእኔ ዘመን አልመጣህም፣ የቀደሙት የሰጡህን መሬት እያስተዳደርክ ኑር ዓይነት መልስ ሰጡት። ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ቋንቋውን ለመደ። በ1520 የአገሩ መልእክተኞች ሸዋ ሲደርሱ ግን ያ ባለርስት አለቀሰ። ከቤቱ ከወጣ 33 ዓመቱ ነበር። ይህን የምናውቀው ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለጻፈው ነው። እነሱም ቢሆኑ ስድስት ዓመት ቆይተው ነው የተለቀቁት!

ይህን ክፋት ለማለት ይከብደኛል፤ ደግነት ለማለትም እንዲሁ። ጥበብና ወሬ የሚያውቅ ሰው ብርቅ በነበረበት ዘመን ማን እንዲህ ያለውን እንግዳ ይለቃል? የወጣ ደግሞ መንገዱን ለሌላው ያሳያል። የፖርቱጋሏ ሚስት ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም አልጠየቃትም።

ልማዱ ረጅም ዕድሜ ነበረው። ኅዳር 1841 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር ባለ16 አንቀጽ ውል ተፈራረሙ። ሃሪስ እንደጻፈው፣ አንዴ የገባ የውጭ ሰው አይውጣ የሚለው የቆየ ደንብ በዚያ ውል ላላ።

ከ35 ዓመት በኋላ ጣሊያናዊው አሳሽ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መጣ። ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ለጥናት ጣቢያ የሚሆን ቦታ ሰጡት። ይህን አሳሽ ማንም ውጣም፣ አትውጣም አላለውም። በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የቦታው ስም ሌት ማረፊያ ይባላል።