በሹሩባ ጥብቀት የሚመጣ የፀጉር መሸሽ

በሹሩባ ጥብቀት የሚመጣ የፀጉር መሸሽ ፀጉር ለረጅም ጊዜ በኃይል ሲሳብ ከሥሩ ተጎድቶ የሚረግፍበት ሁኔታ ነው። በአብዛኛው የሚታየው በግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ነው። በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው በ1907 እ.ኤ.አ. ፀጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነበር። በኬፕታውን ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሴት ተማሪዎቹ 17 ከመቶ ያህሉ ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል።

መንስኤ

በአዲስ አበባ ሴት ተማሪዎች ሹሩባ የሚሠሩት በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ በቤት ውስጥ በእናት ወይም በእህት፣ አለበለዚያም እንደ ጉርድ ሾላ ባሉ ሰፈሮች በሚገኙ የሴቶች ፀጉር ቤቶች። ሹሩባው ሳይፈታ ብዙ ቀን እንዲቆይ ተብሎ ይጠብቃል። ዊግ ሲቀጠልበት ክብደቱ ይጨምራል። በኬሚካል የለሰለሰ ፀጉር ደግሞ ስለሚደክም፣ ሲጎነጎን ጉዳቱ ይብሳል።

ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት ሕመም ነው። ልጅቷ ከተሠራች በኋላ ራሷን ካመማት ወይም በፀጉሩ ሥር ጥቃቅን እብጠቶች ከወጡ ሹሩባው ከመጠን በላይ ጠብቋል። ቀጥሎ የግንባር ዳር ፀጉር ይሳሳል፤ ብዙ ጊዜም ጠርዙ ላይ ጥቂት ስስ ፀጉር ቀርቶ ከኋላው ያለው ይራቆታል።

ከቆረቆር ያለው ልዩነት

ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሲሆን በጋራ ሚዶና በቆብ ሊተላለፍ ይችላል። ራስ ላይ ቅርፊት ያለው፣ ፀጉሩ የተሰባበረ ቦታ ያወጣል። ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት መወሰድ አለበት፤ ቅባት ብቻ አያድነውም። በጥብቀት የሚመጣው መሸሽ ግን አይተላለፍም።

መከላከልና ሕክምና

የሚያም ሹሩባ ወዲያውኑ ይፈታል ወይም ይላላል። ከፈቱ በኋላ ፀጉሩን ለተወሰኑ ሳምንታት ማሳረፍ፣ የግንባር ዳሩን ስስ ፀጉር ከጉንጉኑ ውጭ መተውና የሹሩባውን ዓይነት መቀያየር ይረዳል። ቅቤ መቀባት ድርቀትን ቢቀንስም የመሳቡን ጉዳት አያስቀርም። መሳቡ በጊዜ ከቆመ ፀጉሩ በወራት ውስጥ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን የፀጉሩ ሥር በጠባሳ ስለሚተካ ዳግመኛ አይበቅልም። ስለዚህ መሳሳት እንደታየ የቆዳ ሐኪም ማማከር ይገባል።